ከነሥሩ የተነቀለ ሣር

ነሐሴ 3

የሲላስ ጥርስ ወለቀ።

የወተት ጥርስ ነው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ወር መውለቁ አይቀርም ነበር። ከታላቁ ከአሞጽ ጋር በኳስ ሲጣሉ ላገላግል ገባሁ፤ ክርኔ ደረሰበት። አፉን በጨው ውሃ አጠብኩለት። ጥርስህን ጣሪያ ላይ ወርውረው አልኩት። አልወረወረም፤ በጡጫው ጨብጦ ቆመ።

ሚስቴ ሩሐማ ከጤና ጣቢያው ስትመለስ ከንፈሩን ወደ መብራቱ አዙራ አየችው። ማን ነቀለልህ አለችው። ራሱ ወለቀ አላት። እኔን አላየኝም። ጥሩ ልጅ ነው።

ነሐሴ 6

ዝናብ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሩሐማ ፈረቃ አላት፤ እኔና ሁለቱ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ እንፋጠጣለን። በትምህርት ዘመኑ አንድ ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ይዤ ድምፄን ሳላነሣ ታሪክ አስተምራለሁ። እቤት ግን አንድ ነገር ሦስቴ ካልተናገርኩ የሚሰማኝ የለም። ሦስተኛው ላይ ድምፄ የእኔ አይመስለኝም።

ነሐሴ 8

እትዬ አገርነሽ፣ ጎረቤታችን፣ ልብስ እያሰጡ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«መምህር፣ ምንጣፍ ነው እንዴ የምታራግፈው?»

ቴሌቪዥኑ ነው አልኳቸው።

«እንግዲህ ቀንሰዋ። የእናንተ ቴሌቪዥን ልጅ ልጅ ይላል።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። አሳሳቃቸው ግን ደስ አላለኝም። ሰው በአጥር ቀዳዳ የሰው ቤት ማድመጥ ሲለምድ መጥፎ ነው። ቅዳሜ አጥሩን አጠብቀዋለሁ።

ነሐሴ 12

በችኮላ ነው። አሞጽ የማድ ቤቱን በር ከፍቶ ወጣ። ዝንጀሮ ገባ። የበቆሎው ዱቄት መሬት ላይ። ዘይቱ ፈሷል። የሩሐማ ነጭ ጋውን ተቀደደ። ቀጣሁት። እጁ አብጧል። ሩሐማ መጣች። እየጠራችኝ ነው።

ነሐሴ 12፣ ማታ

ሁሉም ተኝተዋል፣ ወይም ተኝተን ነው ይላሉ። ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው።

ቤታችን በጫካው በኩል የመጨረሻው ነው፤ ዝንጀሮዎቹ ከዚያ ይወርዳሉ። ስለዚህ ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ የማድ ቤት በር አይከፈትም። አሞጽ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህን ሕግ አፉን ሳይፈታ ጀምሮ ያውቀዋል። ኳስ ሲጠሩት በሩን በረገደና ሄደ። እኔ ጓዳ ሆኜ የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር። ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ትልቁ ዝንጀሮ ዱቄቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ጥርሱን አሳየኝና በእርጋታ ወጣ። ያናደደኝ እርጋታው ነው።

አሞጽን ጠራሁት። መጣ። እንደ ሌላ ልጅ ቢሮጥ ወይ ቢያለቅስ ነገሩ ቶሎ ያልቅ ነበር። ቆሞ አየኝ። የውሃውን ጎማ አነሣሁ። ብዙ አልመታሁትም። ፊቱን ሲከልል እጁን አገኘው።

ሲላስ በበሩ ወጥቶ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ፈርቶ የሸሸ መስሎኝ ነበር። ተመለሰ። በሁለት እጁ ሣር ይዟል፤ ከአጥሩ ሥር የነቀለው፣ ከነሥሩ፣ አፈሩ እየረገፈ። በእኔና በአሞጽ መሃል መሬት ላይ አኖረውና ከሣሩ ኋላ ተንበረከከ። ጠጠር ላይ።

ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ዓምና ጨንቻ አባቴ ቤት በነበርንበት ጊዜ ገበያ መሃል ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣሉ፤ አንደኛው ዱላ አነሣ። አባቴና ሌሎች ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሃላቸው ገቡ። ሣሩን መሬት አኖሩና ተንበረከኩ። ዱላው ወረደ። ሲላስ በመኪና እስከ አርባ ምንጭ ድረስ አላስቀመጠኝም። ሰውዬው ለምን ቆመ? ሣሩ ምን አለው? ሣሩ ምንም የለውም አልኩት፤ የአገራችን ሰው እርቅ የሚለምነው እንዲህ ነው። ሰው ሣሩን ቢያልፈውስ አለኝ።

ማንም አያልፈውም አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው በደንብ አይታወሰኝም። አሞጽ ወደ ግድግዳው ሄዶ ነበር፤ እኔም ወደዚያ ሄድኩ። ጫማዬን ሳወልቅ ሶሉ ላይ እርጥብ አፈርና ቅጠል ነበር። ዝናብ ስለሆነ ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው።

ነሐሴ 13

አጥንቱ ተሰንጥቋል አሉ። ሩሐማ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ታሰረለት። ሐኪሙ ገና አፉን ሳይከፍት አሞጽ ከማንጎ ዛፍ ወደቅኩ ብሎ ተናገረ።

እኛ ግቢ ማንጎ የለም። ሩሐማም ታውቃለች። ፋሻውን ለሐኪሙ አቀበለችው።

ስመለስ ሙዝ ገዛሁለት፤ የጫኖውን፣ የሚወደውን። በግራ እጁ መላጥ አቃተው። ልላጥልህ ብዬ እጄን ስዘረጋ ዐይኑን ጨፈነ።

ነሐሴ 17

ሲላስ ሣር ያስቀምጣል። ጠዋት ጫማዬ ውስጥ። ቀን ወንበሬ ላይ። ማታ አሞጽ የሚተኛበት ክፍል ደፍ ላይ፣ ዳር እስከ ዳር። ተው አልኩት። እሺ ይላል፤ ያስቀምጣል። በቁጣ አልተናገርኩትም። ጠርጌ ጣልኩት። ሩሐማ መጥረጊያውን ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

እኛ አማኞች ነን። አባቴ የሚሉት ነገር፣ ሣር ያለፈ ሰው ጎሜ የሚባል እርግማን ይይዘዋል፣ ጣጣው በቤቱ ይዞራል የሚሉት፣ ለእኔ ተረት ነው። ይህን ለሩሐማ ነገርኳት። አንተ በሣሩ ስለማታምን ነው የአሞጽ እጅ የታሰረው? አለች። ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ነው።

ነሐሴ 20

ከዓለሙ ጋር ሻይ ጠጣሁ። ዓለሙ ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፤ አብረን ነው የተቀጠርነው። እንደ ወትሮው ሲያሾፍ ቆየ። ዝንጀሮው ቤትህ ገብቶ ደብተር ሲያርም ተያዘ ይባላል፣ ካንተ የተሻለ ማርክ ይሰጣል አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደበሌ፣ ሣር ረገጠ የሚሉህ እውነት ነው?»

እትዬ አገርነሽና የዓለሙ ሚስት አንድ ዕድር ናቸው። የልጅ ጨዋታ ነው፣ እኔ በሣር አላምንም አልኩት። እኔም አላምንም አለ፤ አለና የሻይ ብርጭቆውን ከእኔ ብርጭቆ አጠገብ አንሥቶ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ፊዚክስ አስተማሪ ነው።

እጄ ብርጭቆውን መታው። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ አልኩት። ሸሚዙን ከቆዳው እያራቀ ቆሞ፣ እኔን ተወኝ፣ ይቅርታውን ለልጆቹ በላቸው አለኝ።

ሰው ሁሉ ስለ ልጆቼ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ነሐሴ 24

ዝንጀሮዎቹ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ዱቄት የቀመሱበትን ቤት አይረሱም። የማድ ቤቱን በር ሆን ብዬ ከፍቼ የዶማ እጀታ ይዤ ከኋላው ቆምኩ። አሞጽ ደህና በሆነው እጁ በሩን ላዬ ላይ እንዲዘጋ አዘዝኩት። አንድ ገባ፤ ትልቁ አይደለም፣ ግልገል ነው። ዝጋ አልኩት። ዘጋ።

ጩኸቱን አልጠበቅኩትም። እንደ ሰው ነው የሚጮኸው። ቶሎ አላለቀም። የቀሩት አጥሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ምንም አላደረጉም።

ስወጣ አሞጽ አሁንም በሩን ይዞ ቆሟል። አስፈራህ? አልኩት። አይ አለ። የት ስትመታው ነው የሞተው? ብሎ ጠየቀኝ። ጭንቅላቱን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ትምህርት እንደገባው ልጅ።

ሲላስ ጠፍቶ ነበር። እትዬ አገርነሽ ቤት አልጋ ሥር ተገኘ።

ነሐሴ 26

ሄደች። ልጆቹን ይዛ። ፈረቃ ለውጣለች፤ ልብሳቸው ትናንት ታጥቦ ነበር፤ እኔ አላስተዋልኩም።

በሩ ላይ ቆምኩ። ወደ እናትሽ ቤት ሮጠሽ ወሬ ልታደርጊኝ ነው አልኳት።

«እናቴ ዘንድ አይደለም የምሄደው። ወደ አባትህ ነው የምወስዳቸው።»

ከበሩ ዘወር አድርጌ ትከሻዋን ያዝኳት። ያዝኳት ነው ያልኩት። ሲላስ ወዲያው ከኪሱ የደረቀ ሣር አወጣ፤ ደቅቋል፤ እግሬ ሥር በተነው። እጄን ለቀቅኩ። በሣሩ ምክንያት አይደለም፤ ሰው በመንገድ እያለፈ ነበር።

አሞጽ ባጃጁ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ዞሮ አላየም።

ጳጉሜ 2

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሥራ ይሠራበታል። የማድ ቤቱን መቀርቀሪያ በአዲስ ቀየርኩ። የፈሰሰውን ዘይት ከሲሚንቶው ላይ በአመድ ፈተግኩ። የልጆቹን አልጋ አነጠፍኩ። ሲላስ የበተነውን፣ የውጪው በር ደፍ ላይ የቀረውን ሣር ግን አልጠረግኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስገባም ስወጣም በጎኑ አልፋለሁ።

እትዬ አገርነሽ በሰሃን ቆጮ ላኩልኝ። የላኳት ልጅ አጥሩ ላይ አስቀምጣው ሮጠች።

መስከረም 1

አባቴ ጋ ደወልኩ። ያነሣው ታናሽ ወንድሜ ሳምሶን ነው። እንኳን አደረሰህ ተባባልን። ልጆቹ? ደህና ናቸው። የአሞጽ እጅ? ከእስሩ ተፈታ። ሩሐማ? ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለች፤ አርባ ምንጭ ስትሆን እህቷ ዘንድ ነው የምታድረው። ይኼን አላውቅም ነበር። አንድ ከተማ ውስጥ ነን።

አባባን አገናኘኝ አልኩት። ከስልኩ ራቅ ብሎ ሲያወራ፣ አባቴም ሲመልሱ ሰማሁ።

«በስልክ አይሆንም፣ ራስህ ና ብለዋል» አለኝ።

መስከረም 8

ጨንቻ ወጣሁ። ጉም ነበር። ለሲላስ አዲስ ኳስ፣ ለአሞጽ ሹራብ ይዣለሁ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ሸማ ይሠራሉ። ከአጥሩ ውጪ የእንጨት ዱካ ተቀምጧል፤ ለእኔ ነው። ገና ሳልገባ በእጃቸው አሳዩኝ። በገዛ አባቴ ደጅ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ ውጪ ተቀመጥኩ። ውሃ እንኳ አልቀረበልኝም። ጎሜ ያለበት ሰው ጉዳዩ እስኪነሣ ድረስ ከቤተሰብ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በእኔ ላይ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መወርወሪያውን አላቆሙም። በጋሞኛ ነው ያወሩኝ።

ሕፃኑ የደረቀ ሣር በኪሱ ይዞ መጣ አሉኝ። ይህን ማን አለፈው ብዬ ጠየቅኩት፤ ስምህን አልጠራም። አንድ ሰው ነው አለኝ።

ከዚያ የሚደረገውን ነገሩኝ። ከመስቀል በፊት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። መሃላቸው ቆሜ ያለፍኩትን በአፌ እናገራለሁ። ከዚያ ሣሩን ያነሣል ወይ አያነሣም፤ ሲላስ።

ሕፃን ልጅ እኔን ሊፈርድ ነው? አልኩ።

«ያስቀመጠው እሱ ነዋ» አሉ።

ኳሱን ለሳምሶን ሰጠሁት። ሲላስ እስከ አጥሩ መጥቶ ቆመ፤ የወለቀው ጥርስ ቦታ ላይ አዲሱ ጫፉን አውጥቷል። ፊቴን አላየም፤ ጫማዬን ነው ያየው። አሞጽን ከሩቅ፣ ቀርከሃው ውስጥ አየሁት። በተፈታው እጁ ዱላ ይዞ ሳማ ይመታል። አንድ በአንድ፣ ጭንቅላቱን። ጠራሁት። መምታቱን አላቆመም።

የሽማግሌዎቹን ነገር አስብበታለሁ ብዬ ወረድኩ። አላሰብኩበትም። መኪና ውስጥ እስከ ታች ድረስ ጥርሴን ነክሼ ስለ ራሴ ጥሩ ጥሩውን እያሰብኩ ነበር።

መስከረም 12

ትምህርት ጀመርን። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ሳቀ። በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አላወጣሁትም፤ በሌላኛው ጻፍኩ። ጽሑፌ አይነበብም ነበር።

ሬጂስትራሩ ልጆችህ አልተመዘገቡም እንዴ? አለኝ። ደጋ ናቸው፣ ለመስቀል አልኩት። እውነት ነው።

መስከረም 14

ሩሐማን ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቅኳት። በመስቀል ቤታቸው ይሁኑ አልኳት። ደክሟታል። አዲስ ጋውን ለብሳለች።

አልጮህኩም። እሷም አልጮኸችም። ሲላስ አይደለም ያስፈራኝ አለች። ሲላስ አልቅሶ ይወጣለታል። አሞጽ አያለቅስም። አንተ እንደምትቆመው ይቆማል፤ አንተ እንደምትናገረው ሲላስን ይናገረዋል። እጁ ሲታመመው እንኳ አንተን ሊመስል ይሞክራል። ከመስቀል በፊት ለአባትህ ሣሩን ያለፍኩት እኔ ነኝ ካላልክ፣ ይሄ ልጅ ትክክል እንደሆንክ ያውቃል። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጋኔን እንዳለበት አድርገሽ አታውሪ፣ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል አልኳት።

ባጃጅ አስቆመች።

መስከረም 16

መናኸሪያ ነኝ። በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ለመስቀል የመምህራኑ ቅርጫ ነበር። እኛ ደመራ ባንወጣም ሥጋው የሁሉም ነው። እንደ ዓምናው ማካፈሉ የእኔ ሥራ ነው፤ እጄ እኩል ይቆርጣል ይሉኛል። በሬው ታረደ፤ ኮባ ተነጠፈ፤ መደቦቹን መደርደር ጀመርኩ። ከጉበቱ ለየመደቡ፣ ከጨጓራው ለየመደቡ። ዓለሙ ኮባ ያቀብለኛል። ከሻዩ ወዲህ አላወራንም፤ ቢላዋ ሲደንዝብኝ ግን ሌላ ስሎ ሰጠኝ። ሁለት መደብ ልውሰድ ብዬ አስቤ ነበር፤ አንዱን ወደ ጨንቻ ልልክ። ሥጋ ከላክሁ ነገሩ ያለ ሽማግሌ ይለዝባል ብዬ።

ሳምሶን ደወለ። በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አድርጌ መቁረጤን ቀጠልኩ።

አሞጽ ሲላስን መታው አለ። በኳሱ ተጣልተው። ባመጣሁት ኳስ። በዱላ፣ ጭንቅላቱን። ደሙ እስካሁን ከጆሮው ይወርዳል፤ ሩሐማ ትናንት ማታ ወጥታ ነበር፣ እሷ ይዛዋለች፤ ዐይኑን ገልጧል፤ ስሟን ጠርቷታል።

መቁረጤን አቆምኩ።

«ጋሼ፣ ትሰማኛለህ? ትንሹ የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍበት ሣር ነቅሎ አስቀመጠ። ተንበረከከ። አባባ እያዩ ነው። ትልቁ አለፈው።»

ማን ያስተማረው ነው አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፌ ነው።

ከዚያ አባቴ አሞጽን ይዘው፣ ምን አደረግህ፣ ሣር እኮ ነው ሲሉት የመለሰላቸውን ነገረኝ።

«አባዬ ሲያልፈው ምን ሆነ?»

እንዲህ ነው ያለው። አላለቀሰም አለ። ዱላውን አምጣ ሲሉት ሰጥቷቸው፣ ግድግዳው ጥግ ሄዶ ፊቱን በእጁ ከልሎ ቆመ። ማንም ሊመታው አልተነሣም። እስካሁን እንደዚያው ነው። እጅህን አውርድ ቢሉት አያወርድም።

ስልኩ ተዘጋ ወይ ዘጋሁት።

ቢላዋውን ኮባው ላይ አኖርኩ። ግማሹ መደብ ገና ነው፤ ሰዎቹ ሳህንና ፌስታል ይዘው ቆመዋል። በመሃላቸው አለፍኩ። ዓለሙ ከኋላዬ፣ ድርሻህስ? አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሜን ብቻ ጠራ። አልዞርኩም።

በግቢው በር አጠገብ ክረምቱ ያበቀለው ሣር አለ። ጎንበስ ብዬ ጎተትኩ፤ ተበጠሰ። ሥሩ አልወጣም። ተንበርክኬ በጣቶቼ አፈሩን ቆፈርኩና ደግሜ ነቀልኩ።

የመኪናው ረዳት ጨንቻ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሣሩ ጭኔ ላይ ነው። እጄ ላይ የበሬው ደም አለ፤ ሣሩንም ነክቶታል። ልታጠብ ብወርድ መኪናው ይሄዳል።